ባቡር መንገድ አይሰጥም፦ የሐዲድ ማቋረጫ ማስጠንቀቂያ ለምን አይታለፍም?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድን ነው። አጎቴ አይሱዙውን ይነዳል፣ እኔ ጋቢና ነኝ። ከኋላ ድንች ተጭኗል። ሞተሩ በከባድ ማርሽ እያጉረመረመ ቁልቁለቱን ይይዛል።

አንዱ ኩርባ ላይ ስንደርስ ከታች የሚወጣ ሚኒባስ ፊቱ ያለውን ሲኖ ትራክ ሊቀድም በእኛ መስመር ብቅ አለ። አጎቴ መብራቱን ብልጭ አደረገ። ሚኒባሱም መልሶ ብልጭ አደረገ። አጎቴ ፍሬን ያዝ አድርጎ ወደ ጥጉ ተጠጋ። ሚኒባሱ በመሀላችን ሾልኮ አለፈ፣ ሹፌሩም እጁን በመስኮት አውጥቶ አመሰገነ።

«ሰጠሁት» አለኝ አጎቴ። ምንም እንዳልተፈጠረ።

ታች ኮምቦልቻ ዳር ስንደርስ ሐዲዱ ታየን። ልጆች ብረቱ ላይ ወጥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው ሚዛን እየጠበቁ ይሄዳሉ። ፍየሎች ከጠጠሩ መሀል የበቀለችውን ሣር ይነጫሉ። አጎቴ ዝም ብሎ አየና ጠየቀኝ።

«ይኼ ባቡር ሥራ ሲጀምር እንዴት ልንሆን ነው? እሱም ክላክስ ያደርጋል፣ እሱም መብራት ያበራል። መንገድ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም?»

ሠላሳ ዓመት መሪ ላይ የኖረ ሰው ነው። የምሩን ነበር የጠየቀኝ። ያኔ የመለስኩለት በጥድፊያ ስለነበር እዚህ አስተካክዬ ጽፌዋለሁ። ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለብዙ ሹፌርና ለብዙ ተሳፋሪ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩ ለእኛ ለምን አዲስ ሆነ?

ኢትዮጵያ ከባቡር ጋር ከመቶ ዓመት በላይ ትተዋወቃለች። የድሮው ባቡር ከጅቡቲ ተነስቶ፣ ድሬዳዋን ከተማ አድርጎ፣ በአውሮፓውያኑ 1917 አዲስ አበባ ገባ። ስለዚህ የድሬዳዋና የአዋሽ ልጅ ባቡር እያየ አደገ። መቼ መራቅ እንዳለበት ከእናቱ ሰምቷል። የደሴና የኮምቦልቻ ልጅ ግን ያደገው ወደ አሰብ የሚወርድ ተሳቢ እያየ ነው። የእኛ ጥንቃቄ ሁሉ ለጎማ ነው የተሠራው።

ከዚያ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር መጣ። ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግንባታውን ያፒ መርከዚ የተባለ የቱርክ ድርጅት በ2007 ጀመረው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መስመር ነው። ባቡር በመደበኛነት ሳይመላለስበት በ2014 ጦርነቱ ኮምቦልቻ ደረሰ፤ መስመሩም ጉዳትና ዘረፋ ደረሰበት። ሐዲዱ ግን ተዘርግቶ አለ። ሰው ከአጠገቡ ይኖራል፣ ከብት ይሻገረዋል፣ ልጅ ይጫወትበታል። ዓይናችን ባቡር የሌለበትን ሐዲድ ለምዷል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ልማድ ነው።

ደግሞም ባቡር እስኪመጣልን መጠበቅ አያስፈልግም። የእኛ አገር ሹፌር ወደ አዳማ ይሄዳል፣ ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲው አዲሱ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ተመርቋል። ከ2010 ጀምሮ ዕቃና ሰው ጭኖ ይመላለሳል። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

«ማቋረጫ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የመኪና መንገድና ሐዲድ የሚገናኙት በሁለት ዓይነት መንገድ ነው። አንዱ በድልድይ ነው፤ መኪናው ከላይ ባቡሩ ከታች፣ ወይም በተቃራኒው። እዚያ ጭቅጭቅ የለም። ሌላው ሁለቱም በአንድ ከፍታ ላይ ሲተላለፉ ነው። የመኪናው ጎማ ሐዲዱን ረግጦ ያልፋል። ማቋረጫ የምንለው ይህንን ነው።

ማቋረጫዎችም ሁለት ዓይነት ናቸው። ምልክት ብቻ ያላቸው አሉ፤ ባቡር መጣ አልመጣ የሚነግር ነገር የላቸውም፣ የሚያየው ሹፌሩ ራሱ ነው። ባቡር ሲቃረብ የሚነቁም አሉ። ቀይ መብራት ይበራል፣ ደወል ይጮኻል፣ አግዳሚ ብረት ይወርዳል።

ከማቋረጫው ቀደም ብሎ የሚተከለውን ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ሁሉ ተምሮታል። በብዙ አገር የአጥር ስዕል ካለበት «ወደፊት መዝጊያ ያለው ማቋረጫ አለ» ማለት ነው። ጭስ የሚተፋ ባቡር ከተሳለበት «መዝጊያ የለውም» ማለት ነው። ብዙ ሰው አቅልሎ የሚያየው ሁለተኛውን ነው፤ የድሮ ባቡር ስዕል ስለሆነ ይሆናል። የበለጠ አደገኛው ግን እሱ ነው። እዚያ ቦታ የሚያስቆማችሁ ማንም የለም።

ባቡር ለምን ቶሎ መቆም አይችልም?

መጀመሪያ አንድ ቀላል ነገር። ባቡር መሪ የለውም። ሹፌሩ ፊት የተቀመጠው ግራና ቀኝ ሊያዞር አይደለም፤ ፍጥነት ሊጨምር፣ ሊቀንስና ሊያስጠነቅቅ ነው። አጎቴ ለሚኒባሱ ወደ ጥግ ተጠግቶ «ሰጠው»። ባቡር የሚጠጋበት ጥግ የለውም።

ታዲያ ፍሬን አይዝም ወይ? ይይዛል። ግን የፍሬንን ነገር ለመረዳት ጎማውን ማየት ያስፈልጋል።

የመኪና ጎማ ላስቲክ ነው። አስፋልቱን ጥርግ አድርጎ ይነክሳል። የባቡር ጎማ ብረት ነው፣ የሚሄደውም ብረት ላይ ነው። እያንዳንዱ ጎማ ሐዲዱን የሚነካው ከጣት ጥፍር በማይበልጥ ቦታ ነው። ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል። በእርጥብ ሊሾ ላይ በካልሲ እንደመሮጥ አስቡት። መሮጡ ቀላል ነው፣ መቆሙ ነው ችግሩ።

የሚገርመኝ፣ ባቡርን ጠቃሚ ያደረገውም ይኸው መንሸራተቱ ነው። ጎማው መንገዱን ስለማይነክስ ትንሽ ጉልበት ብዙ ጭነት ይጎትታል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲው የጭነት ባቡር እስከ 3,500 ቶን እንዲጎትት ተደርጎ ነው የታቀደው። ያንን በመኪና ለማመላለስ የተሳቢ ሰልፍ ያስፈልጋል። ርካሽ ያደረገው ነገር ነው እንዳይቆም ያደረገው። አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም።

በዚያ ላይ የፍሬኑ አሠራር አለ። የተሳቢ ሹፌር በአየር የሚሠራ ፍሬን ያውቃል። የባቡርም በአየር ነው። ግን አየሩ መድረስ ያለበት አንድ ተሳቢ ጋ ሳይሆን በአሥር የሚቆጠሩ ፉርጎዎች ጋ ነው። የአየሩ ግፊት ለውጥ ከፊት ተነስቶ ፉርጎ በፉርጎ ወደ ኋላ እስኪሄድ ሴኮንዶች ያልፋሉ። የፊተኛው መያዝ ሲጀምር የመጨረሻው ገና አልሰማም።

እነዚህ ሁሉ ሲደማመሩ፣ ከባድ ጭነት የያዘ ባቡር በሰዓት 80 እና 90 ኪሎ ሜትር እየሄደ ድንገተኛ ፍሬን ቢይዝ ለመቆም ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈጅ ይችላል። በእግር ሩብ ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ ርቀት ነው። ባቡር ነጂው መኪናችሁን ሐዲዱ ላይ ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ አልቋል። ፍሬን ይይዛል፣ ጡሩምባ ይነፋል፣ ከዚያ ያያል። እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰባቸው ባቡር ነጂዎች የሰውየው ፊት ከዓይናችን አይጠፋም የሚሉት ለዚህ ነው።

ከተጋጩስ? ሚኒባስ ከነሰዉ 2 ቶን ይመዝናል እንበል። 3,500 ቶን የሚመዝን ባቡር 1,750 ጊዜ ይበልጠዋል። ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘች ሃይላንድ መንገድ ላይ አቁሙና ቪትዝ መኪና ይምጣባት። የክብደታቸው ልዩነት ከሞላ ጎደል ያንን ያህል ነው። የቪትዟ ሹፌር መግጨቱንም ላያውቅ ይችላል።

ማስጠንቀቂያው ባቡር መምጣቱን በምን ያውቃል?

ብዙ ሰው አንድ ሰው የሆነ ቦታ ተቀምጦ ቁልፍ የሚጫን ይመስለዋል። እንደዚያ የሚሠራባቸው ማቋረጫዎች አሉ። አብዛኞቹ ዘመናዊ ማቋረጫዎች ግን በራሳቸው ነው የሚሠሩት፤ አሠራሩም በጣም ብልህ ነው።

ሁለቱን ሐዲዶች እንደ ሁለት የኤሌክትሪክ ሽቦ አስቧቸው። ትንሽ ኃይል በአንዱ ይሄድና በሌላው ይመለሳል። ኃይሉ እየዞረ እስካለ ድረስ «መስመሩ ባዶ ነው» ማለት ነው፤ መብራቱ ጠፍቶ ይቆያል። ባቡር ሲገባ ጎማዎቹና ጎማዎቹን የሚያገናኘው ብረት ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኛሉ። ኃይሉ በአቋራጭ ይመለሳል። ማቋረጫው ጋ የሚጠብቀው ዕቃ ኃይል ሲቋረጥበት «ባቡር አለ» ብሎ መብራቱን ያበራል። ይህን ዘዴ ዊልያም ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ በአውሮፓውያኑ 1872 ነው የፈለሰፈው። ዛሬም ይሠራል። የሚያልፉ ጎማዎችን የሚቆጥሩ ሌሎች መሣሪያዎችም አሉ።

የዘዴው ውበት ሲበላሽ ነው የሚታየው። ሐዲዱ ቢሰበር ወይም ሽቦ ቢቆረጥ ኃይሉ ይቋረጣል። ያኔ ማቋረጫው ባቡር እንደመጣ ቆጥሮ ይዘጋል። ሲጠራጠር ይዘጋል እንጂ አይከፍትም። ስለዚህ ባቡር ሳይመጣ የተዘጋ ማቋረጫ ካያችሁ ምናልባት ብልሽት ይኖራል፤ ብልሽቱ ግን ወደ ደኅናው በኩል ነው።

ይህ ቢኖርም ግን «ክፍት ነው፣ ስለዚህ ደኅና ነው» ማለት አይቻልም። በተለይ መዝጊያው በሰው እጅ የሚሠራ ከሆነ። በ2005 ኅዳር ወር ግብፅ ውስጥ መንፈሉጥ አጠገብ ባቡር የሕፃናት አውቶቡስ ገጭቶ 50 ያህል ሰው ሞቷል። አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ። መዝጊያው አልተዘጋም ነበር፤ ጠባቂው ተኝቶ ነበር ተባለ። የጠባቂው ጥፋት የጠባቂው ነው። ግን ቆም ብሎ ግራ ቀኝ ማየት ሁልጊዜ የሹፌሩ ድርሻ ሆኖ ይቀራል።

«ባቡሩን እያየሁት ካልፍስ? ገና ሩቅ ነው እኮ!»

ሰው በብዛት የሚሞትበት ሐሳብ ይኼ ነው። ሰነፍ ወይም ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ዓይናችን ስለሚያታልለን ነው።

ኮምቦልቻ ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ አየር ላይ የተንጠለጠለ ነው የሚመስለው። በዚያች ቅጽበት ግን በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ነው። ትንሿ ወፍ ከአጠገቡ ብታልፍ የምትፈጥነው እሷ ትመስላለች። ትልቅ ነገር ሲንቀሳቀስ ቀርፋፋ ይመስላል። ኸርሽል ሊቦዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በአውሮፓውያኑ 1985 ይህንን ከባቡር ማቋረጫ አደጋ ጋር አያይዞ አብራርቶታል።

ሁለተኛው ማታለያ ፊት ለፊት መምጣቱ ነው። በጎን የሚያልፍ ነገር ፍጥነቱ ይታወቃል፤ ዛፍና ቤት እያለፈ ይሄዳላ። ወደ እናንተ የሚመጣ ነገር ግን ቦታ አይቀይርም። ትልቅ እየሆነ ብቻ ይመጣል። መጀመሪያ ደግሞ የሚያድገው በጣም ቀስ ብሎ ነው።

በቁጥር ልንገራችሁ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይሄዳል። አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ስታዩት ትንሽ ነጥብ ነው። ለዓይናችሁ እጥፍ እስኪሆን 22 ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። እንደገና እጥፍ ለመሆን 11 ሴኮንድ ብቻ ይበቃዋል። ቀጥሎ 5 እና 6 ሴኮንድ። ከዚያ በኋላ አትቆጥሩትም። ለረጅም ጊዜ የቆመ የሚመስል ነገር በድንገት ፊታችሁን ይሞላዋል። «ከየት መጣ?» የሚባለው ያኔ ነው። ከየትም አልመጣም፣ ሲመጣ ነበር።

ድምፁንም አትመኑት። የኤሌክትሪክ ባቡር እንደ ድሮው አያንኳኳም፣ አያጨስም። መስኮት ዘግታችሁ ሙዚቃ ወይም መንዙማ ከፍታችሁ ከሆነ ጡሩምባው ሳይቀር ዘግይቶ ሊሰማችሁ ይችላል። ማቋረጫ ጋ ስትደርሱ ቴፑን ቀንሱ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጉ።

ሹፌሮች ማስጠንቀቂያውን እያዩ ለምን ያልፋሉ?

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በቅርብ ዓመታት በማቋረጫዎች ላይ በዓመት 2,000 ገደማ ግጭት ይደርሳል፤ ከ200 በላይ ሰውም ይሞታል። ብዙው ግጭት የሚደርሰው መብራት ወይም መዝጊያ ባለበት ማቋረጫ ላይ ነው። ማስጠንቀቂያ አጥተው ሳይሆን አይተው ያለፉ ብዙ ናቸው ማለት ነው።

አንዱ ምክንያት ልማድ ነው። በየሰፈሩ የመኪና ሳይረን ሲጮህ ዞሮ የሚያይ አለ? የለም። መቶ ጊዜ ጮኾ ሌባ ስላልመጣ። በአንድ ማቋረጫ ሁልጊዜ የሚያልፍ ሹፌርም እንዲሁ ይሆናል። ብዙ ጊዜ አልፎበታል፣ ባቡር አጋጥሞት አያውቅም። ጭንቅላቱ «እዚህ ባቡር የለም» ብሎ መዝግቧል። አደጋው ብዙውን ጊዜ እንግዳ ሰው ላይ ሳይሆን የአካባቢው ሰው ላይ የሚደርስበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። ለኮምቦልቻ ደግሞ ይብሳል፤ ለዓመታት ባዶ ሐዲድ ነው ያየነው።

ሌላው ችኮላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ ባቡሩ ከመድረሱ ቢያንስ 20 ሴኮንድ ቀደም ብሎ መብራቱ መብራት አለበት ይላል። አንዳንዱ ቀርፋፋ ባቡር ሲሆን ግን ጥበቃው ይረዝማል። ሹፌሩ ይሰለቻል። ብዙ ቦታ መዝጊያው የሚዘጋው የመንገዱን ግማሽ ብቻ ነው። ይህ ታስቦበት የተደረገ ነው፤ ሐዲዱ ላይ የቀረ መኪና መውጫ እንዲኖረው። ቸኳዩ ግን ያንን መውጫ መግቢያ ያደርገዋል። እንደ እባብ ተጠማዝዞ ይገባል።

ከዚያ ሁለተኛው ባቡር አለ። አንዱ ባቡር አለፈ። መብራቱ ግን ገና ብልጭ ይላል። ሹፌሩ «ያው አልፏል» ብሎ ይነሳል። መብራቱ ያልጠፋው በሌላኛው ሐዲድ ሌላ ስለሚመጣ ነው፤ የመጀመሪያው ባቡር ጅራት ደግሞ እሱን ጋርዶታል። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው መስመር ድርብ ነው። እዚያ የምትነዱ ይህቺን አትርሷት።

ከሁሉ በላይ ግን ምክንያቱ ያ የአጎቴ «ሰጠሁት» ነው ብዬ አምናለሁ። የእኛ መንገድ ድርድር ነው። መብራት ብልጭ ስታደርግ ለሌላው ጥያቄ እየላክህ ነው፤ እሱም ይመልስልሃል። ክላክስም እንዲሁ፤ «መጣሁ፣ ያዝልኝ» ነው። ሁለቱም ወገን መሪና ፍሬን ስላለው ድርድሩ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ባቡር ጡሩምባ ሲነፋም ጆሯችን እንደዚያው ይሰማዋል፤ «ቶሎ በል፣ እጠብቅሃለሁ» ያለ ይመስለናል። ባቡሩ ግን ምንም አልጠየቀንም። መምጣቱን ነው የነገረን።

ባቡር በሌለበት ጊዜስ ሐዲድ ላይ መቆም ምን ችግር አለው?

በአውሮፓውያኑ ጥቅምት 1995 አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ግዛት፣ ፎክስ ሪቨር ግሮቭ በምትባል ከተማ የተማሪዎች አውቶቡስ የትራፊክ መብራት ጋ ቆመ። ቀይ ስለነበር ነው የቆመው፣ ሕግ አክብሮ። ከመብራቱ እስከ ሐዲዱ ያለው ቦታ ግን ለአውቶቡሱ አጭር ነበር። የአውቶቡሱ ጭራ ሐዲዱ ላይ ቀረ። ፈጣን ባቡር መጣ። 7 ተማሪዎች ሞቱ።

የአውቶቡሱ ሹፌር ባቡሩን ልቅደም አላለችም። ኋላዋ የት እንደቀረ አላወቀችም። እኛ አገር ሰልፍ ሲኖር ተጠጋግቶ መቆም ልማድ ነው፤ ክፍት ቦታ ካለ ባጃጅ ይገባበታል። ሐዲድ ጋ ግን ማሰብ ያለባችሁ ስለ ፊታችሁ ሳይሆን ስለ ጭራችሁ ነው። ከሐዲዱ ማዶ መኪናችሁን ከነተሳቢው የሚይዝ ባዶ ቦታ ካላያችሁ ገና ከወዲህ ቁሙ። ከኋላ ያለው ክላክሱን ያስጩኸው።

ከሐዲዱ ብረት ጋር ተጠግቶ መቆምም አይበጅም። ባቡር 3 ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ በሁለቱ ሐዲዶች መሀል ያለው ግን 1.435 ሜትር ብቻ ነው። በየጎኑ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ይላል። አምስት ሜትር ራቅ ማለት ደኅና ነው።

ሐዲድ ላይ ብቀረቀርስ?

ሞተር ሊጠፋ ይችላል። ሎቤድ ሆዱ ጉብታው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጋሪ ጎማው ብረቱ መሀል ሊገባ ይችላል። ያኔ የመጀመሪያው ሥራ ሰው ማውረድ ነው። ሁሉንም፣ ወዲያው፣ ሻንጣ ሳይነሳ። መኪናውን ለማስነሳት መታገል ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ባቡር ከታየ ደግሞ ጭራሹን አይመጣም።

ወዴት ይሮጣል? ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። ከሐዲዱ ወጥታችሁ ሰያፍ፣ ባቡሩ ወደሚመጣበት በኩል ነው የሚሮጠው። ባቡር ሲገጭ ስብርባሪው ወደፊት፣ እሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይወረወራል። ባቡሩን ሸሽታችሁ ከሮጣችሁ ስብርባሪው ይከተላችኋል።

ሁለት መዝጊያ መሀል ከታሰራችሁ ደግሞ መዝጊያውን ሰብራችሁ ውጡ። አግዳሚው በቀላሉ እንዲሰበር ተደርጎ ነው የሚሠራው። የአግዳሚ ዋጋ ከሰው ሕይወት ጋር አይወዳደርም። ማቋረጫው ላይ የተጻፈ የአደጋ ስልክ ካለም ደውሉ፤ ቀድሞ የሰማ ባቡር ነጂ ሊያቆም ይችላል።

ሲሻገሩ ማርሽ መቀየርም ይቅር። ሐዲዱን ሙሉ በሙሉ ሊያሻግራችሁ በሚችል ማርሽ ግቡና በእሱ ውጡ። ሞተር የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ማርሽ ላይ ስትታገሉ ነው።

ከላይ ያለው ሽቦስ?

የእኛም የጅቡቲውም መስመር በላዩ ላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት እንዲይዝ ተደርጎ ነው የተሠራው። ቤታችን ያለው 220 ነው። ከመቶ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ይህ ሽቦ እስኪነካ አይጠብቅም፤ ሲቀርቡት በአየር ውስጥ ዘሎ ሊመታ ይችላል።

ይህን የማነሳው በእኛ መንገድ ጭነት ላይ ሰው ስለሚቀመጥ ነው። በጭድ ወይም በከሰል የተቆለለ አይሱዙ ላይ ሁለት ሦስት ልጆች ቁጭ ብለው ስንት ጊዜ አይተናል! ባዶ መንገድ ላይም አደገኛ ነው። በባቡሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ስር ግን ባቡር ባይመጣም ሞት ነው። ረዥም ብረት ወይም አጠና አቁሞ መሻገርም ያው ነው።

ለአጎቴ ይህን ሁሉ ስነግረው አንዱን ብቻ አላመነኝም። «አንድ ሐዲድ ለመሻገር ስንት ሴኮንድ ይፈጃል? ሁለት? ሦስት?» አለኝ።

ኮምቦልቻ ገብተን ድንቹን ከማራገፋችን በፊት አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ሞከርነው። ረዳቱ በእርምጃ ለካ። ከሐዲዱ በፊት የምንቆምበት 5 ሜትር፣ ለሐዲዱ 5 ሜትር፣ የመኪናው ርዝመት 8 ሜትር፣ ከዚያ ለጥንቃቄ 5 ሜትር። በድምሩ 23። ጫፉ ላይ ድንጋይ አስቀመጠ። አጎቴ ከቆመበት በአንደኛ ማርሽ ተነሳ። እኔ ስልኬ ላይ ሰዓት ያዝኩ። የመኪናው ፊት ድንጋዩ ጋ ሲደርስ 10 ሴኮንድ ሆኗል።

«ተሳስተሃል፣ ድገመው» አለ። ደገምነው። 11 ሆነ።

በ11 ሴኮንድ በ80 የሚሄድ ባቡር 240 ሜትር ይሄዳል። አጎቴ ከጋቢና ወርዶ ከድንጋዩ ጀምሮ ያንን ርቀት በዓይኑ ለካው። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ረዳቱን ጠራው።

«ስማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሐዲድ ጋ ስንደርስ አንተ ወርደህ ታያለህ። ግራም ቀኝም። እጅህን ካላነሳህልኝ እኔ አልነሳም» አለው።

ረዳቱ «እሺ ጋሼ» አለና ድንጋዩን አንስቶ ወደ ዳር ወረወረው።